ከቢጫ ጀሪካን የተቆረጠ አፍ

ሐይቅ ከተማ፣ ከመነኸሪያው ወረድ ብሎ ባጃጆች በሚዞሩበት ጥግ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢቆም የሚሞላ የቆርቆሮ ሱቅ አለ። ባለቤቱ ሙነወር ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሞባይል ይጠግናል። ውሃ የገባበት፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ከአህያ ጭነት ላይ ወድቆ የተረገጠ ስልክ ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣል። የውጫሌ ገበያተኛ ሳይቀር "የሐይቁ ልጅ ያውቅበታል" እያለ ይዞለት ይመጣል። ሲሠራ ያንጎራጉራል። አፉን ሳይከፍት፣ በአፍንጫው፣ የአምባሰልን ቁልቁለት እንደሚወርድ መንገደኛ ዜማውን እያመነታ ያወርደዋል። ግጥም ግን አያወጣም። ግጥሙ የእህቱ ነበር።

ዙለይሃ በአራት ዓመት ትበልጠዋለች። ሰርግ ቤት ስትገባ ከበሮ የያዙት ሴቶች ዞር ብለው ቦታ ይለቁላት ነበር። ሙሽራውን ታስቃለች፣ የሙሽራዋን እናት ታስለቅሳለች። ያንኑ ግጥም ድገሚው ቢሏት አታስታውሰውም፤ ሌላ ትሰጣቸዋለች። ሳዑዲ፣ ደማም ሄዳ በሰው ቤት ስትሠራ እንኳ ይህ አልተዋትም። የሰው ልብስ እየተኮሰች በስልኳ ትቀዳና ለወንድሟ ትልክለት ነበር።

ሐይቄን ባይኔ ይዤ ባሕር ተሻገርኩኝ፣
ውሃ ጠጣሁ እንጂ ጥሜን መች ቆረጥኩኝ።

ያን ቅጂ ሙነወር እስከ ዛሬ ከስልኩ አላጠፋውም። ግን ከፍቶም አይሰማውም። ኮምቦልቻ ሄዶ ጥገና የተማረው በእሷ ላብ ነው፤ የቆርቆሮ ሱቁም የእሷ ላብ ነው።

በሰባተኛው ዓመት አንድ ቀን ብርጭቆ ከእጇ ወደቀ። አሠሪዋ ተቆጣቻት። በማግስቱ ሌላ ወደቀ። ቀጥሎ ደረጃው ከበዳት፤ ቀጥሎ ምላሷ። ወደ አገሯ ስትመለስ ከአውሮፕላን ያወረዷት በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ጡንቻን የሚያዝዘው ነርቭ አንድ በአንድ እየሞተ ነው ተባሉ። እጇ ሄደ፣ እግሯ ሄደ፣ አንገቷ ሄደ። ድምፅዋ የሄደው ባለፈው ረመዳን ነው። አሁን ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በሚወስደው የእግር መንገድ ዳር፣ በእናታቸው በእማ መስኡዳ ቤት፣ በመስኮቱ በኩል ውሃው በሚታይበት አልጋ ላይ ተኝታለች። ትራሱ ላይ ወደ ግራ ያዘነበለ ፊት፣ በዚያ ፊት ላይ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች። ሌላው ሁሉ ዝም ብሏል።

"አእምሮዋ ሙሉ ነው" አለ ደሴ ላይ ያያት ሐኪም። "ትሰማለች፤ ታስባለች፤ እንደ እኔና እንዳንተ።" ከዚያ ትንፋሿን አዳመጠና ሙነወርን ወደ በረንዳው ይዞት ወጣ። "ደረቷም እየደከመ ነው። አዲስ አበባ ብትወስዷት ጉሮሮዋን ከፍተው በማሽን ያስተነፍሷታል። ዓመት ልትኖር ትችላለች፤ ከዚያም በላይ። ግን ከማሽኑ አትለይም። መብራት እየሄደ በሚመጣበት ቤት ያ ማሽን አይሆንም። ወደ ሐይቅ ትመለሳለች ብዬ አልዋሽህም።"

"እንወስዳታለን" አለ ሙነወር።

"አንተን አልጠየቅሁህም። ጉሮሮው የእሷ ነው። ጠይቋት። እሺ ካለች የመላኪያውን ወረቀት እጽፋለሁ። አትቆዩ ግን፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ መንገዱን አትችለውም።"

ጠይቋት። ቀላል ነገር ይመስላል። በፊት መልሷ በሽፋሽፍት ነበር፤ አንዴ ከከደነች አዎ፣ ሁለቴ ከከደነች አይ። አሁን ሽፋሽፍቷም ዝሏል፤ ሲፈልግ ይወርዳል፣ ሲፈልግ ይነሳል። "በረደሽ?" ሲሏት ትከድናለች። "ሞቀሽ?" ሲሏትም ትከድናለች። "አዲስ አበባ እንሂድ?" ሲላት አንዴ ከደነች፤ ቆይታ ደገመች፤ ሦስተኛም ጨመረች። እማ መስኡዳ "ብላለች እኮ፣ እሺ ብላለች" አለች። ሙነወርም እንደዚያው ማመን ፈልጎ ነበር። እህቱ መኖር እንደምትፈልግ እርግጠኛ ነው፤ ማን መኖር የማይፈልግ አለ? ግን ሐኪሙ ፊት ቆሞ "ሦስቴ ከደነች" ሊል አልቻለም። ፊደል በትልቁ ጽፎ ግድግዳው ላይ ሰቀለላት። አንገቷ ዘንበል ስላለ ዓይኗ "መ" ላይ ይረፍ "ሠ" ላይ ለማንም አልታይ አለ። ከገላዋ ሁሉ ያልዛለው ብሌኗ ብቻ ነው። እሱ ይሮጣል። ሰው ሲገባ ይከተላል፤ ሰው ሲወጣ እስከ በሩ ይሸኛል።

በሱቁ መደርደሪያ ላይ አንድ ዓመት አቧራ ሲጠጣ የቆየ ቪአር መነጽር ነበር። ፊት ላይ የሚታሰር፣ ዓይን ፊት ትንሽ ቴሌቪዥን እንዳለ የሚያደርግ ጥቁር ሳጥን ነው። ያመጣው ከጅዳ የተመለሰው ጓደኛው ሙዓዝ ነው። ሐይቁ ዳር ለመዝናናት የመጣውን ሰው ፊት ላይ እያሰረ ዓሣ ነባሪ ያሳይበት ነበር። መቆጣጠሪያው ሲበላሽበት ለጥገና ሰጥቶ ረሳው።

"ይሄን ስጠኝ" አለው ሙነወር።

"ውሰደው ሐቢቢ! እኔን ሲያዋርደኝ ከርሟል፤ አሁን ደግሞ አንተን ያዋርድህ። ምን ልታይበት ነው?"

"እኔ አላይበትም። እሱ ነው የሚያየው።"

"ማንን?"

"ዙሌን።"

ሙዓዝ የመነጽሩን አቧራ በእጅጌው ጠርጎ ሰጠው።

የሙነወር ሐሳብ ይህ ነበር። ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ይቀራል፤ መነጽር ግን ፊቷ ወዳዘነበለበት አብሯት ያዘነብላል። ውስጡ ፊደል ይደረደራል። ከውስጥ ደግሞ ዓይኗን የምታይ ትንሽ ካሜራ ትገጠማለች፤ ብሌኗ የትኛው ፊደል ላይ እንደቆመ ለላፕቶፑ ትነግረዋለች። ፕሮግራሙን ከኢንተርኔት በነፃ አገኘው፤ ኔትወርክ በመጣች ቁጥር እየቆራረጠ በሁለት ቀን አወረደው። ካሜራውን ግን የሚይዝለት ነገር የለም። እንዲህ ያለ ነገር በሐይቅም፣ በደሴም አይሸጥም።

ስለዚህ ሠራው። መካኒኮች ሞተር ውስጥ የሚያዩባትን፣ በቀጭን ገመድ ጫፍ ያለች የባቄላ ፍሬ የምታህል ካሜራ ገዛ። መስታወቷን ፈትቶ ከኋላዋ ያለችውን ቀላ ያለች ስስ ሽፋን በምላጭ ጫፍ ፋቀ፤ ያኔ ዓይን የማያየውን ብርሃን ማየት ጀመረች። ብርሃኑን ከሁለት የዲሽ ሪሞቶች አፍንጫ ነቀለ። ከድሮ ፎቶ ቤት ለምኖ ያመጣትን ጥቁር የፊልም ቁራጭ፣ ሌላ ብርሃን እንዳይገባ፣ የካሜራዋ ፊት ላይ ለጠፈ። ካሜራዋን የሚይዘው ክንድ የጃንጥላ ሽቦ ሆነ። ክንዱ የሚተከልበት ቀለበት ደግሞ ከቢጫ የዘይት ጀሪካን ተቆረጠ። በሻማ እያለሰለሰ፣ በመነጽሩ ጠርዝ ልክ በአውራ ጣቱ እየጠመዘዘ፣ ሁለት ጣቱ ውሃ እስኪቋጥር ድረስ ቀረጸው። ሪሞቶቹ የእህቱን ዓይን እንዳያቃጥሉ በመጀመሪያ በራሱ ዓይን ላይ አንድ ሰዓት አበራቸው። አልቀላም፤ አላነባም።

ረቡዕ ዕለት ሙዓዝን ሱቁ ውስጥ አስቀምጦ አሰረለት። ላፕቶፑ ላይ የሙዓዝ ዓይን በግራጫው ወጣ። አንዲት ቀይ ክብ መጥታ ብሌኑ ላይ ቁጭ አለች። ወደ ቀኝ ሲያይ ወደ ቀኝ ሄደች፤ ወደ ላይ ሲያይ ወደ ላይ።

"ምን ልጻፍ?" አለ ሙዓዝ።

"ስምህን።"

"ሙዓዝ ቆንጆው" ብሎ ጻፈ፤ በዓይኑ። ሙነወር ወደ ውጭ ወጥቶ የባጃጆቹን ጭስ በረጅሙ ሳበ፤ ያን ያህል ደስ ብሎት ነበር።

እዚያው ቀን ለዙለይሃ አሰረላት። ቀይዋ ክብ መጣች፤ ብሌኗ ጫፍ ደረሰችና ወደ ታች ዘለለች። ተመለሰች፤ ወደ ጥግ ዘለለች። እንደ ዝንብ የትም ታርፋለች፣ ብሌኑ ላይ ግን አታርፍም። ላፕቶፑ ላይ ከዓይኗ ሥር ጥቁር ቅስት ይታያል። ሙነወር የጃንጥላው ሽቦ ጥላ ነው ብሎ ፈረደ። ክንዱን አሳጠረ። ጥላው አልሄደም። ሪሞቶቹን ከታች ወደ ጎን አዛወረ። አልሄደም። ቀለበቱን ሰብሮ ሌላ ጀሪካን ቆረጠ። ሐሙስ መሸ፤ ጁምዓ መጣ፤ ያ ሳምንት አልፎ ሌላው ገባ። በእሱ ዓይን ይሠራል፤ በእናቱ ዓይን ይሠራል፤ በእህቱ ዓይን ሲሆን ያብዳል። ደንበኞቹ ስልካቸውን ሊወስዱ መጥተው ሱቁ ተዘግቶ እያገኙት በሩን በቡጢ መትተው ይሄዳሉ። የእሷ ትንፋሽ ደግሞ በየቀኑ አንድ ስንዝር ያጥራል። ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሽቦ ሲያጣምም ድንገት ከእሱ አፍ ወጥቶ የማያውቅ ነገር ወጣ፤ ያውም በግጥም።

አምባሰል ገደሉን ጉሙ ሸፈነና፣
መንገዱ ጠፋብኝ ድምፅሽ ዝም አለና።

የእህቱ ብሌን ዞሮ አየው። ምን ልትለው እንደፈለገች አላወቀም።

ሐኪሙ የሰጠው ጊዜ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሁለተኛው ጁምዓ መጣ። ሙዓዝ ከመስጊድ ሲመለስ ሊጠይቃቸው ጎራ አለ። ነጭ ጀለቢያ ለብሷል፤ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ገባ፤ ዓይኑን ተኩሏል።

"አሰላሙ አለይኩም እማ መስኡዳ!"

"ወአለይኩሙ ሰላም ሙሽራው! ማን ልጇን ሰጥታህ ነው እንዲህ የተኳልከው?"

"ሱና ነው እማ፤ ለጁምዓ ነው። የምትሰጠኝ ካለችም እምቢ አልልም።" ከዚያ ወለሉ ላይ ፒንሳ ይዞ የተቀመጠውን ጓደኛውን አየ። "አንተ አሁንም እዚያው ነህ? ሰኞ ማለዳ ወደ አዲስ አበባ የሚነሳ መኪና አግኝቼልሃለሁ። ሹፌሩ መልስ ስጡኝ ይላል።"

"ምን መልስ አለኝና! ክንዱ ጥላ እየጣለ አስቸገረኝ።"

"የምን ጥላ! ያለፈው ሳምንት ረቡዕ እኔ ላይ እንደ ሰዓት ሲሄድ አልነበር? ወዲህ በለው።" ነጥቆ ፊቱ ላይ አሰረው። ቀይዋ ክብ መጣች፤ ብሌኑ ጫፍ ደረሰችና ወደ ታች ዘለለች።

"እ? እየጻፍኩ ነው?"

"አይደለም።"

"ያኔ ሲያውቀኝ ሲያውቀኝ፣ ዛሬ ረሳኝ? ሶላት የማይወድ ማሽን ነው አቦ!"

ሙነወር ግን አልሳቀም። ላፕቶፑ ላይ ከሙዓዝ ዓይን ሥር ያ ጥቁር ቅስት ተጋድሟል። ያው ቅስት፤ ለዘጠኝ ቀን ሽቦ ያስቆረጠው፣ ጀሪካን ያሰበረው ቅስት። ፕሮግራሙ የሚፈልገው ከዓይን ውስጥ በጣም ጥቁሩን ነገር ነው። ብሌን ጥቁር ነው። ኩልም ጥቁር ነው።

"ዓይንህን ታጠብ።"

"ውዱዕ አድርጌ ነው እኮ የመጣሁት—"

"በሳሙና! ዓይንህን!"

ሙዓዝ ደጅ ወጥቶ እየተሳደበ ታጠበ። ዓይኑ በርበሬ መስሎ ተመለሰ። አሰሩለት። ክቧ መጥታ ብሌኑ ላይ ቁጭ አለች፤ አልተንቀሳቀሰችም።

እማ መስኡዳ ከታመመችው ልጇ ራስጌ አልተነሳችም። በየማለዳው፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ከነሐስ ብልቃጧ በቀጭን እንጨት እየጨለፈች የልጇን ዓይን ትኩላለች። ሙነወር ይህን በየቀኑ ያየዋል። አይቶትም አላየውም፤ በዚያ ቤት የሴት ልጅ ኩል እንደ ቅንድቧ ነው፣ ማንም ልብ አይለውም። አሁን ሦስቱም ወደ ብልቃጧ አዩ።

"አይሆንም" አለች እማ መስኡዳ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

"ለዛሬ ብቻ ነው እማ።"

"የምን ዛሬ? ቀሚስ እንዳላለብሳት ተኝታለች። ጸጉሯን እንዳልሠራት ትራሱ ይፈታዋል። እጇን ሂና እንዳልቀባት እጇ ታጥፏል። እጇን ወሰደው፣ ድምፅዋን ወሰደው፤ ጠዋት ጠዋት ዓይኗን ስኩል ነው ሴት ልጅ እንዳለኝ የማውቀው። እሱንም ጥረጊው ትለኛለህ?"

"እማ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ እየጮኸች ነበር እኮ! አፏን የደፈንነው እኛ ነን።"

እንደተናገረው ተጸጸተ። የእናቱ ፊት እንደ እርጥብ ወረቀት ተጨማደደ። ሙዓዝ "ሹፌሩን ልደውልለት" ብሎ ጫማውን ሳያስር ወጣ። እማ መስኡዳ ብልቃጧን ከደነች። ቆይታ ጥጥ አመጣች፤ ቫዝሊን ነከረችው።

"ከፈን ልሁንልሽ የኔ ዓለም" እያለች ጠረገቻት። የመጀመሪያው ጥጥ ጠቁሮ ወጣ። ሁለተኛውም። የወራት ኩል ነው፤ ቆዳዋ ውስጥ ገብቷል። በሰባተኛው ጥጥ ነጣ። ዙለይሃ ያለ ኩል ሌላ ሰው መሰለች፤ ሕፃን መሰለች። እናትየዋ ጥጦቹን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ዞር አለች።

ሙነወር መነጽሩን አሰረ። መነጽሩ ውስጥ ዘጠኝ ነጥቦች በየተራ በሩላት፤ ዘጠኙንም ተከተለቻቸው። ክቧ ብሌኗ ላይ እንደ ማኅተም ተቀመጠች። ፊደሉን ከፈተላት። ከወላጅ ፊደላቱ አንዱን ትመርጣለች፣ ከዚያ ሰባቱ ቤተሰቡ ይዘረጋሉ። ስምንተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ ናት፤ አንዴ ነግሯት ገባት።

"ዙሌ" አላት ጎንበስ ብሎ። "ሐኪሙ ያለውን ሰምተሻል። አዲስ አበባ፣ ማሽን። ትኖሪያለሽ። ሰኞ እንውሰድሽ? በራስሽ ቃል ንገሪኝ።"

ክቧ ተንቀሳቀሰች። "አ" ላይ ቆመች፤ ቤተሰቡ ተዘረጋ። መጨረሻው አካባቢ ሄደች።

እ።

ሙነወር ወደ ላፕቶፑ ተጠጋ። እሺ! እሺ ልትል ነው። ክቧ ወደ "ሸ" መስመር አለፈች፤ ትንፋሹን ያዘ። አልቆመችም። ወደ ታች ወረደች፤ ሽፋሽፍቷ ወደቀ፣ ጠበቀው፣ ተነሳ።

ዚ።

ስታ ይሆናል፤ ደክሟት ይሆናል። ደግሞ ወደ ላይ ወጣች፤ እስከ መጀመሪያው ፊደል።

ሁ።

እዚሁ።

"ምን አለች?" አለች እማ መስኡዳ። ቁርአኗን ትቀራለች፤ ፊደል ግን አልቆጠረችም። ከአልጋው ማዶ ሆና የዙለይሃን ፊት ሳይሆን የሙነወርን ፊት ነው የምታየው።

ሙነወር ላፕቶፑ ላይ የተጻፈውን ሦስት ፊደል አየ። ከእሱ በቀር የሚያነበው የለም። ሐኪሙ ወረቀቱን ይጽፋል፤ ማሽኑ ይተነፍስላታል፤ ዓመት፣ ምናልባት ከዚያም በላይ። እዚያ ሆና በመስኮት ውሃ አታይም እንጂ ትኖራለች። ሰባት ዓመት የሰው ልብስ ተኩሳ እሱን ሰው አድርጋው፣ እሱ ታዲያ በሦስት ፊደል ይገድላታል?

"እሺ አለች" አለ።

"አልሐምዱሊላህ!" እማ መስኡዳ ተንበረከከች። "ያረቢ፣ አልሐምዱሊላህ!"

ክቧ ግን አልቆመችም። ያለ ማንም ጥያቄ፣ በራሷ፣ ፊደሎቹ መሐል እየዞረች ነበር። ው። ሙነወር እጁን ወደ ላፕቶፑ ክዳን ዘረጋ። ሸ። እጁ አየር ላይ ቀረ። ት።

"አሁንስ ምን እያለች ነው?"

"ሰደበችኝ" አለ።

"ምን ብላ?"

"ውሸት ብላ።"

እማ መስኡዳ አፏን በእጇ ሳትይዝ በፊት ሳቅ አመለጣት። "ያቺው ናት ወላሂ! ሕፃን ሆናችሁም አንዲት አታሳልፍልህም ነበር፤ ሰርግ ቤት ሳይቀር በግጥም..." ሳቋ መሐል ላይ ቆመ። ቀስ ብላ ከጉልበቷ ተነሳች። "ምንድን ነው የዋሸኸው ሙነወር?"

"እሺ አላለችም እማ። እዚሁ ነው ያለችው።"

ከውጭ ወደ ገዳሙ የሚሄዱ ሰዎች የሆነ ነገር እየተሳሳቁ አለፉ። እማ መስኡዳ ወደ ልጇ ዞረች።

"እዚሁ? እኔ ዘንድ? ልጄ፣ ማሽን የለኝ፣ መድኃኒት የለኝ። ትንፋሽ ያጠረሽ ቀን እኔ ምን ላደርግልሽ ነው?"

መልሱ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ሽፋሽፍቷ ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ሁለቴም ጠበቋት። ሙነወር ፊደሎቹን እንደወጡ ጮክ ብሎ አነበበ፣ አንዱንም ሳይደብቅ።

"ያ... ዢ... ኝ።"

ስልኩ ጮኸ። ሙዓዝ ነው። "ሰማህ? ሹፌሩ ከጎኔ ነው፤ ሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ልምጣ ወይ እያለ ነው። ምን አለች? ጻፈች?"

"ጻፈች።"

"ማሻአላህ! እና ይምጣ?"

ሙነወር ወደ አልጋው አየ። እናቱ ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ ወጥታለች። ልጇን ከወገቧ ቀና አድርጋ፣ ጀርባዋን ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ ሁለት ክንዶቿን አዙራ ይዛታለች። መነጽሩ ከፊቷ ተንሸራቶ አንሶላው ላይ ወድቋል፤ የጃንጥላው ሽቦ ጎብጧል።

"አይምጣ በለው" አለ፤ ስልኩንም ዘጋው።